ልጁ ከወለል ሲነሣ እጁን ይመልከቱ

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ ደረጃ በሌለው ቤት ያደገ ልጅ የጡንቻ ድካሙ ቶሎ አይታወቅም። እስከ 18 ወር ያልሄደ፣ ወይም ከ3 ዓመት በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅና ከእኩዮቹ ጋር መሮጥ ያቃተው ልጅ ካለ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ ይህን ይሞክሩ። ጫማውን አውልቀው በቁምጣ ብቻ ወለል ላይ በጀርባው ያስተኙት፤ ከዚያ ሳይደግፉ «ተነሥ» ይበሉት። በሆዱ ተገልብጦ፣ በአራት እግሩ ሆኖ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ቀጥሎም ጭኑ ላይ እየገፋ ሽቅብ ከወጣ የዳሌና የጭኑ ጡንቻ ደክሟል። ትንሽ ልጅ ተገልብጦ መነሣቱ ብቻውን አያስጨንቅም፤ ጭኑን መግፋቱ ነው ቁም ነገሩ። በስልክ ይቅረጹት፣ ሐኪም ፊት ልጁ አልነሣም ሊል ይችላል።

ባቱ ወፍሮ ጠጠር ካለ «ጎበዝ፣ ጠንካራ» አይበሉ፤ በዱሼን በሽታ (በዘር የሚመጣ፣ በአብዛኛው ወንዶችን የሚይዝ የጡንቻ መድከም) ጡንቻው በስብና በጠባሳ እየተተካ ነው የሚወፍረው።

ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ሲሄዱ የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው የክሬቲን ካይኔዝ (ሲኬ) የደም ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቁ። በጉበት ምርመራ የሚለኩት ኤኤልቲና ኤኤስቲ ከፍ ብለው «ጉበቱ ነው» ቢባልም ሲኬ ይታይ፤ ኤኤልቲና ኤኤስቲ ከተጎዳ ጡንቻም ይወጣሉ፣ በዚህ ስሕተት ብዙ ወራት ይባክናሉ።

ሲያቅፉት እንደ ጨርቅ የሚዝለፈለፍ፣ ምላሱ የሚርገበገብ ወይም ሲተነፍስ ሆዱ ብቻ የሚነፋ ጨቅላ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ይወሰድ። ጠበል ቢጠመቅም ምርመራው አይቅር።