ለቤት ጥበቃ የሚሆን አነስተኛ ሽጉጥ እንዴት ይመዘናል?

ለቤቱ ጥበቃ ሽጉጥ የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የጥይቱን ጉልበት፣ የተሠራበትን አገርና ዋጋውን ነው። እነዚህ ሁሉ ቦታ አላቸው፤ ሆኖም ከሁሉም የሚቀድመው ጥያቄ ባለቤቱ በሌሊት ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠና ዓይኑ ጨለማውን ገና ሳይለምድ፣ ሁለተኛውን ጥይት የመጀመሪያው ካረፈበት አጠገብ ማሳረፍ ይችላል ወይ የሚለው ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባ አነስተኛ ሽጉጥ በዚህ ፈተና ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚኖር፣ በሕግ ፈቃድ አግኝቶ ሽጉጥ ለመያዝ ለወሰነ ሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መሣሪያውን በምን እንደሚመዝነው ያሳያል።

የምዘናው መነሻ ፈቃዱ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ መያዝ የሚተዳደረው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መያዝም ሆነ መገበያየት በወንጀል ያስጠይቃል። ስለዚህ የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ወይም ሻጩ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል የሚልበት ሽጉጥ እጅ ላይ የቱንም ያህል ቢመች ወደ ምዘናው መግባት የለበትም። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ ተሠርተው ኋላ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ ሽጉጦች ደግሞ ሕገ ወጥ ከመሆናቸውም በላይ ለራሱ ለተኳሹ አደገኞች ናቸው፤ አካላቸው የሚሠራው የጥይትን ግፊት እንዲችል ታስቦ ስላልሆነ በተኳሹ እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ።

አሁን ወደ ርግጫው እንምጣ። አረሩ ወደ ፊት ሲወጣ መሣሪያው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህን ግፊት የሚቀንስ ተአምር የለም፣ ግፊቱን የሚያለዝበው የመሣሪያው ክብደት ነው። የተለመደው ባለ 9 በ19 ጥይት (የአረሩ ውፍረት 9፣ የቀለሃው ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር የሆነው) 8 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ያስወጣል። የባሩዱን ጋዝ ሳንቆጥር ብናሰላው፣ 600 ግራም የሚመዝን ሽጉጥ በዚህ ጥይት በሰከንድ ወደ 4.7 ሜትር ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያው ጥይት 800 ግራም ከሚመዝን ሽጉጥ ሲተኮስ ፍጥነቱ ወደ 3.5 ሜትር ይወርዳል። እጅዎ የሚቀበለው የርግጫ ጉልበት በዚህ ልዩነት ብቻ በሩብ ይቀንሳል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አፈሙዙ ከእጅዎ በላይ ከፍ ባለ መጠን ርግጫው ወደ ኋላ መግፋቱን ትቶ አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሣል፤ ሁለተኛው ጥይት ወደ ጣሪያ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የሽጉጥ ትንሽነት ለማን እንደሚጠቅም ማሰብ ይገባል። አጭር እጀታና ቀላል አካል የሚጠቅሙት ቀኑን ሙሉ በወገቡ ታጥቆ ለሚውል ሰው ነው። ቤት ውስጥ በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ መሣሪያ ከልብስ ሥር መደበቅ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ ለቤት የሚገዛ ሰው በትንሽነት የሚያተርፈው ነገር የለም፣ የሚከፍለው ግን በርግጫ ነው። ለምሳሌ ከግሎክ ቤተሰብ ግሎክ 26 የሚባለው 87 ሚሊ ሜትር ገደማ በርሜልና 10 ጥይት የሚይዝ ካዝና ሲኖረው፣ ከእርሱ ከፍ የሚለው ግሎክ 19 ግን 102 ሚሊ ሜትር ገደማ በርሜልና 15 ጥይት የሚይዝ ካዝና አለው። ሁለቱ የሚተኩሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው። በትንሹ ላይ የብዙ ወንዶች ትንሿ ጣት ማረፊያ አጥታ ከእጀታው በታች ትንጠለጠላለች። ለቤት ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ትልቁን እመርጣለሁ።

በእኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ማካሮቭ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ለሶቪየት ሠራዊት የቀረበው ይህ ሽጉጥ ባዶውን 730 ግራም ያህል ይመዝናል፣ 8 ጥይት ይይዛል፣ የሚተኩሰውም ከ9 በ19 ደከም ያለውን 9 በ18 ጥይት ነው። በቁጥር ካየነው ርግጫው ቀላል መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተያያዘና የማይንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ግፊቱን የሚቀበለው የማቀባበያው (በተኩስ ጊዜ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረት) ክብደትና የጠንካራው ሞላ ኃይል ብቻ ስለሆነ፣ በመዳፍ ላይ ሹል የሆነ ምት ይሰማል። ሞላው ጠንካራ በመሆኑ ደካማ እጅ ያለው ሰው ለማቀባበል ይቸገራል። ካዝናውን የሚለቀው ቁልፍ በእጀታው ግርጌ ስለሚገኝም ካዝና ለመቀየር ሁለት እጅ ይጠይቃል። የደህንነት መቆለፊያው ወደ ላይ ሲነሣ ይቆልፋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ይዘጋጃል፤ በሌላ ሽጉጥ የለመደ ሰው ይህን በጨለማ ሊያሳስተው ይችላልና በጣቱ ደጋግሞ ሊለማመደው ይገባል። እነዚህን ጉዳዮች አውቆ የሚይዘው ሰው ግን ማካሮቭን አስተማማኝ ሆኖ ያገኘዋል።

ሽጉጡን እጅዎ ላይ ሲያገኙ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይጀምሩ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ሊያስቆም ወደሚችል ነገር ያዙሩ፤ ጣትዎ ከቃታው ውጪ ይሁን፤ መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፤ ከዚያ አቀባብለው ማቀባበያውን ወደ ኋላ ይያዙና ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል በዓይንም በጣትም ይመርምሩ። ካዝናው ሳይወጣ የሚያቀባብል ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን ያጎርሳል፤ ብዙ ሰው ባዶ ነው ብሎ ያመነው ሽጉጥ የሚተኩሰው በዚህ ስህተት ነው።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እጅዎ እጀታው ላይ እስከ ላይኛው ጫፍ ድረስ ከፍ ብሎ ይያዝ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ሥጋ ከማቀባበያው ሥር ክፍተት ሳይኖረው መጣበቅ አለበት፤ ሆኖም ማቀባበያው ወደ ኋላ ሲመጣ እንዳይነክሰው በእጅዎ ቀስ አድርገው ወደ ኋላ በመሳብ ያረጋግጡ። ጠቋሚ ጣትዎ ቃታው ላይ ሲያርፍ የሚነካው የጣቱ ጫፍ ሥጋ እንጂ መታጠፊያው አይሁን፤ ጣትዎ እንዲደርስ ሽጉጡን በመዳፍዎ ውስጥ ማዞር ካስፈለገዎት እጀታው ለእርስዎ ሰፊ ነው። ሁለተኛው እጅዎ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ በእጀታው ግራ ጎን መቅረት አለበት፤ ርግጫን የሚገታው የቀኝ እጅ ጭምቂያ ብቻ ሳይሆን ከዚያም ይልቅ ይህ ደጋፊ እጅ ነው።

ቃታውን ሲፈትኑ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አሳሳብ አንድ ዓይነት መሆን አለመሆኑን ያስተውሉ። እንደ ማካሮቭ ባሉ ሽጉጦች መዶሻው ወርዶ ሳለ የሚደረገው የመጀመሪያ ስበት ረጅምና ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አጭርና ቀላል ይሆናሉ። በልምምድ የሚሸነፍ ልዩነት ቢሆንም ያልተለማመደ ሰው የመጀመሪያውን ጥይት ወደ ታች፣ ሁለተኛውን ሳይፈልግ ይተኩሳል።

አንድ ቀላል ፈተና ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በሽጉጡም ሆነ በቆሙበት ክፍል ውስጥ አንድም ጥይት አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ ባዶውን ሽጉጥ አቀባብለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ወይም በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ላይ ያነጣጥሩ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከጎንዎ ቆሞ፣ ከአፈሙዙ በስተኋላ ሆኖ፣ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ከፊት ማነጣጠሪያው ጀርባ በማቀባበያው ላይ ያስቀምጥልዎ። ቃታውን ሲስቡ መዶሻው ወይም መርፌው ይመታል፤ ሳንቲሙ ከቦታው ካልወደቀ ስበቱ የእጅዎን ጸጥታ አላወከም ማለት ነው። በተደጋጋሚ የሚወድቅ ከሆነ ጣትዎን መለማመድ ይቀድማል፤ ከብዙ ልምምድ በኋላም የማይሻሻል ከሆነ ግን ቃታው ለእርስዎ ይከብዳል።

እውነተኛው ተኩስ የሚደረገው ሕጋዊ ፈቃድ ባለው የልምምድ ሥፍራና በአሠልጣኝ ፊት ብቻ ነው። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ መተኮስ ልምምድ አይደለም፤ የወጣው ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል፣ የሚወርድበትም የሰው ቤት ነው። የሽጉጥ ተኩስ ከ150 ዴሲቤል በላይ ድምፅ ስላለው የጆሮ መከላከያና የዓይን መነጽር ሳያደርጉ አይጀምሩ። ከ5 ሜትር ርቀት በመጀመሪያ አምስት ጥይት በዝግታ ይተኩሱ፤ ሁሉም በተዘረጋ መዳፍ ስፋት ውስጥ ካረፉ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። ቀጣዩ ሁለት ሁለት ጥይት ተከታትሎ መተኮስ ሲሆን ምዘናው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ጥይት በኋላ የፊት ማነጣጠሪያውን በዓይንዎ ይከተሉት፤ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ በራሱ የሚመለስ ከሆነ አያያዝዎና ሽጉጡ ተስማምተዋል። ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ ወይም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጀታውን እንደገና ማስተካከል ካስፈለገዎት ሽጉጡ ከእጅዎ እየወጣ ነው። በወረቀቱም ላይ ቀዳዳዎቹ ከታች ወደ ላይ ከተደረደሩ ርግጫው አሸንፎዎታል፤ ሁሉም ከዒላማው በታች ከሆኑ ግን ችግሩ ከርግጫው አይደለም፣ ተኩሱን ፈርተው አፈሙዙን አስቀድመው እየጫኑት ነው። በመጨረሻም በአንድ እጅ፣ ቀጥሎም በግራ እጅ ይሞክሩት፤ በሌሊት አንደኛው እጅዎ በር ወይም ባትሪ ይዞ ወይም ልጅ አቅፎ ሊሆን ይችላል።

ቀላል ሽጉጦች ላይ የሚታይ አንድ እክል አለ። የእጅ አንጓው ከላላ የርግጫው ኃይል ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ መግፋቱን ትቶ ሽጉጡን በሙሉ ይዞት ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሃው በመውጫው ላይ ነክሶ ይቀራል። በአንድ እጅ ተኩስ ላይ ሽጉጡ ደጋግሞ የሚነክስ ከሆነ በደከመ እጅም እንዲሁ ስለሚያደርግ ለቤት አይሆንም። ይህን ፈተና ካሉት ካዝናዎች ሁሉ ጋር ያድርጉት፤ የሚነክሰው አንዱ ካዝና ብቻ ከሆነ ጥፋቱ የካዝናው ከንፈር (ጥይቱን ከላይ የሚይዘው ጠርዝ) ወይም ሞላ ነው።

ሽጉጡ ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ መመዘን ያለበት ቤትዎ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ባለማሰቡ አዝናለሁ። ሽምብጥም ሆነ ግሽ ዓባይ ሰፈር በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ተከራይ ይኖራል፤ ክፍሎቹን የሚለያቸው የጭቃ ግድግዳ ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት፣ ግቢውን የሚያጥረው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይትን ፈጽሞ አያስቆምም። የጭቃ ግድግዳም በእንጨቶቹ መካከል ቀጭን በሆነበት ቦታ ያሳልፋል፤ ብሎኬት ደግሞ ባዶ ጎኑ ሲመታ ይሰበራል። በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ የሚፈጥነውና አረሩ ቀጭን የሆነው ቶካሬቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ የሚተኩሰው 7.62 በ25 ጥይት በዚህ ረገድ ከሁሉም የባሰ በመሆኑ በተጠጋጋ ግቢ ውስጥ እንዲያስቀምጡት አልመክርም። ቀን ላይ በየክፍሉ ቆመው ከመኝታዎ እስከ በሩ ያለውን መስመር ይከተሉ፣ ከግድግዳው ማዶ ማን እንደሚተኛም ይወቁ። የጎረቤት ልጅ አልጋ በመስመሩ ላይ ካለ በዚያ አቅጣጫ መተኮስ የለም፤ የሚተኙበትን ቦታ መቀየር ይቀላል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ሲያቅትና መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ዶሮ ሰርቆ በአጥር የሚዘል ሰው ላይ መተኮስ ከዚህ ውስጥ አይገባም። ድምፅ ሲሰሙ ቤተሰቡን ወደ አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ በሩን ቆልፎ፣ መብራት አብርቶ፣ ጎረቤትንና ፖሊስን መጥራት ሽጉጥ ይዞ ወደ ግቢ ከመውጣት ይሻላል። በጨለማ ሽጉጥ ይዞ የሚወጣን ሰው ዘበኛውም ሆነ የጸጥታ አካል ባለቤት መሆኑን በምን ያውቃል? ማን መሆኑን በብርሃን ሳይለዩ አፈሙዝዎን ወደ ሰው አያዙሩ፤ ስለዚህ ከሽጉጡ በፊት ጥሩ የእጅ ባትሪ ይግዙ።

መሣሪያውን በትራስ ሥር ማሳደር የቆየ ልማድ ነው፤ ልጅ ባለበት ቤት ግን ሊታሰብ አይገባም። ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን የታሰረ፣ ባለቤቱ ብቻ የሚከፍተው ትንሽ የብረት ሣጥን ይበቃል። የጣና ዳርቻ ክረምት ለብረት ደግ አይደለም፤ በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ እርጥበቱ በሣጥን ውስጥም ይገባል። በቆዳ ማህደር ውስጥ የተቀመጠ ሽጉጥ ከሁሉ ቀድሞ ይዝጋል፤ ቆዳው እርጥበትን ይዞ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋልና። በክረምት በየሳምንቱ በመሣሪያ ዘይት በረጠበ ጨርቅ ይወልውሉት፣ የጣት ላብ የነካውን ሁሉ ያጽዱ፤ ዘይቱ ግን ጥይቱ ላይ አይድረስ፣ ወደ ባሩዱ ከሰረገ ያከሽፋል። ክረምቱ ሲወጣ በካዝናው ውስጥ የከረመውን ጥይት በልምምድ ሥፍራ ተኩሰው፣ ሁሉም ሳይነክስ መውጣቱን አይተው አዲስ ይሙሉ።