የራዲዮዎን የትራንዚስተር መውጫ ሳያቃጥሉ የማጉያን ሪሌ ማስነሳት

በቆዩ የአማተር ራዲዮዎች ውስጥ የውጭውን የኃይል ማጉያ ከመቀበል ወደ መላክ የሚያሻግረው አንድ ትንሽ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ነበር። በብዙዎቹ አዳዲስ ራዲዮዎች ግን ይህን ሥራ የሚሠራው፣ በሚላክበት ጊዜ የማጉያውን ሪሌ የሚያስነሳውን መስመር ከግራውንድ ጋር የሚያገናኝ ትራንዚስተር ነው። ትራንዚስተሩ ፈጣንና ድምፅ አልባ ቢሆንም፣ ከተፈቀደለት በላይ ቮልት ለቅጽበት ካረፈበት ሊቃጠል ይችላል፤ ሲቃጠልም ብዙውን ጊዜ ሾርት ሆኖ ስለሚቀር ማጉያው ወደ መቀበል አይመለስም።

ስለዚህ ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት መውጫው የሚችለውን ቮልትና አምፔር ከራዲዮው ማንዋል ያንብቡ። ቀጥሎ ማጉያውን ለብቻው አብርተው በመስመሩ ላይ ያለውን ቮልት በቴስተር ይለኩ፤ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭም ይመዝግቡ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ አምፔር ቀይረው መስመሩን በእርሱ በኩል ከግራውንድ ጋር ሲያገናኙ ሪሌው ይነሳል፤ የሚያነቡትም ትራንዚስተሩ የሚሸከመውን ከረንት ነው። ለምሳሌ ጥቅሉ (ማግኔቱን የሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል) 80 ኦም የሆነ የ12 ቮልት ሪሌ 150 ሚሊአምፔር ይስባል። ለዚህ ልኬት የማጉያውን ክዳን መክፈት አያስፈልግም።

ብዙ ራዲዮ የሚጎዳው ግን ሪሌው ሲነሳ ሳይሆን ሲለቅ ነው። ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥ በጥቅሉ ውስጥ የነበረው መግነጢሳዊ ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሊፈጥር ይችላል። መከላከያው 1ኤን4007ን የመሰለ ርካሽ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ነው፤ ቀለበት ያለበትን ጫፍ ወደ ፖዘቲቩ አዙረው፣ በራዲዮው በኩል ሳይሆን እዚያው በጥቅሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይበይዱት። እኔ አንድ ጊዜ በችኮላ ገልብጬ በይጄው፣ ገና መላኪያውን ስጫን መስመሩ በዳዮዱ በኩል ሾርት ሆኖ ትራንዚስተሩን አጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ሳላይ ካውያ አላነሳም። ዳዮዱ የሪሌውን አለቃቀቅ በጥቂቱ ያዘገያል። ይህ ካስቸገረ 24 ቮልት ዜነር (የተወሰነ ቮልት ሲደርስ በግልባጩም የሚያሳልፍ ዳዮድ) በተቃራኒ አቅጣጫ በተከታታይ ይጨመርበታል፤ ያኔ ግን በ12 ቮልት መስመር ላይ ትራንዚስተሩ 36 ቮልት ያህል መቻል አለበት።

እንደ ሂዝኪት ኤስቢ-220 ባሉ የቫኩም ቲዩብ ማጉያዎች ዳዮድ ብቻውን አይበቃም፤ በመስመሩ ላይ ከ100 ቮልት በላይ ዲሲ አለና። በመካከል የራሱ ዳዮድ ያለው ትንሽ የ12 ቮልት ሪድ ሪሌ (ንክኪው በመስታወት ቱቦ ውስጥ የታሸገ ሪሌ) ያስገቡ፤ ራዲዮው እርሱን ያስነሳል፣ ንክኪው ደግሞ የማጉያውን መስመር ከግራውንድ ጋር ያገናኛል። መስመሩ ኔጋቲቭ ቢሆንም ይህ ዘዴ ይሠራል። ሪሌውን ሲገዙ በላዩ የተጻፈውን የዲሲ ቮልት ይመልከቱ፤ 250 ቮልት ኤሲ የተጻፈበት ንክኪ ለዲሲ ብዙ ጊዜ የሚፈቀድለት 30 ቮልት ብቻ ነው፣ የዲሲ ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋምና።

በመካከል የገባው ሪሌ የራሱን ጥቂት ሚሊሰከንዶች ስለሚወስድ፣ ራዲዮው የመላኪያ መዘግየት ማስተካከያ ካለው ከፍ ያድርጉት፤ አለበለዚያ የማጉያው ንክኪ ገና ሳይገጥም ኃይሉ ደርሶ ንክኪውን ይልጠዋል። የመጀመሪያውን ሙከራ በ5 ዋት ያድርጉ።