ደራሲው ራሱ ያሳተመውን ጥሩ መጽሐፍ አጣርቶ ማግኘት

አማዞን እ.ኤ.አ. በ2007 ደራሲያን ሥራቸውን በቀጥታ የሚሸጡበትን፣ ኪንድል የተባለ የዲጂታል መጽሐፍ አገልግሎት ከከፈተ ወዲህ፣ ለብዙዎች የአሳታሚ ደጅ መጥናት ቀርቷል። ማጣራቱ ግን ለአንባቢ ተረፈ። ብዛቱን ለመገመት፣ ድርጅቱ በ2023 አንድ ሰው በቀን ከሦስት በላይ አዳዲስ መጻሕፍት እንዳይጭን ገደብ ማውጣቱን ማወቅ ይበቃል። በዚህ ክምር ውስጥ ድንቅ ሥራዎች አሉ፤ አሳታሚዎች "ገበያ የለውም" ብለው የሚያልፏቸው፣ ዘውግን ከዘውግ የሚያዳቅሉ መጻሕፍት በብዛት የሚገኙት እዚሁ ነው።

በመፈለጊያው ላይ "ፍቅር" ወይም "ወንጀል" ብሎ መጻፍ ገንዘብ ተከፍሎ የሚተዋወቁትን ከፊት ይደረድራል። የሚወዱትን ነገር በሦስት በአራት ቃል ያጥብቡት፦ "ጡረተኛ መርማሪ ደሴት ግድያ" እንደማለት። ቀጥሎ ወደ ንዑስ ዘርፉ ገብተው መጻሕፍቱን በወጡበት ቀን ያሰልፏቸው። "ምርጥ ሽያጭ" የሚለው ምልክት አያታልልዎ። ንዑስ ዘርፉን እስከ ሦስት ድረስ የሚመርጠው ደራሲው ራሱ ስለሆነ፣ ጠባብ ዘርፍ ከያዘ በአንድ ቀን ጥቂት ቅጂ ሸጦም አንደኛ ሊወጣ ይችላል።

ለፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ላለበት ልብ ወለድ) ወዳጆች ከሁሉ የሚሻለው መነሻ ውድድር ነው። ደራሲው ማርክ ሎውረንስ በ2015 የጀመረው፣ በምህጻሩ ኤስ ፒ ኤፍ ቢ ኦ የሚባለው ውድድር በየዙሩ 300 መጻሕፍት ይቀበልና ለ10 የገምጋሚ ቡድኖች ሠላሳ ሠላሳ ያካፍላል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ መጽሐፍ ያሳልፋል፤ ከዚያ አሥሩን ሁሉም አንብበው ነጥብ ይሰጣሉ። አሸናፊውን ብቻ ይዘው አይሂዱ። አንዱ ቡድን 9፣ ሌላው 4 የሰጠው መጽሐፍ፣ ሁሉም 7 ከሰጡት ይልቅ የራሱ ቀለም ያለው ይሆናል፤ ያልተስማሙበትን ምክንያት አንብበው ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ይወስኑ። በዚሁ አምሳል የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ውድድርም በ2021 ተጀምሯል። በፍቅርና በወንጀል ልብ ወለድ የሚሻለው የወደዱትን ደራሲ የኢሜይል መልእክት መከተል ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ደራሲያን አንዱ የሌላውን መጽሐፍ በስምምነት ስለሚያስተዋውቁ፣ ያላነበቡትንም ያሞግሳሉ። የትኛው ገጸ ባሕርይ ወይም ትዕይንት እንደማረከው የሚጠቅስ ምክር ግን ከንባብ የመጣ ነው።

በአንድ መደብር አይወሰኑ። የአማዞንን ልዩ ውል የፈረመ ደራሲ የዲጂታል ቅጂውን ለ90 ቀን ሌላ ቦታ መሸጥ አይችልም፤ ያልፈረመውን ደግሞ ኮቦና ስማሽዋርድስ ላይ ያገኙታል። ስማሽዋርድስ በየሐምሌው ሰፊ የቅናሽ ወቅት አለው። በሥዕል የተሠሩ ታሪኮችና ያልተለመደ ቅርጽ ያላቸው ሥራዎች ከፈለጉ ኢች አይኦ የተባለውን ድረ ገጽ ይጎብኙ።

ዋናው ፍርድ ያለው ናሙናው ላይ ነው። ኪንድል በአብዛኛው የመጽሐፉን 10 በመቶ ያህል በነጻ ያስነብባል፤ የ300 ገጽ ልብ ወለድ ወደ 30 ገጽ ይሰጥዎታል ማለት ነው። ባለ 40 ገጽ የግጥም መድበል ሲሆን ግን ናሙናው በመታሰቢያና በማውጫ ያልቅና ግጥሙ ጋ ሳይደርሱ ይቀራሉ፤ ያኔ የገጣሚውን ሌላ ሥራ ይፈልጉ። በመጀመሪያ ሦስት ገጽ ያንብቡ፤ ከዚያ ዘልለው ወደ ናሙናው መጨረሻ ይሂዱ። መክፈቻውን ደራሲው ደጋግሞ ስላሸው ያምር ይሆናል፤ የዘወትር እጁ የሚታየው መጨረሻው ላይ ነው። ምልልሱን ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት። "አለ፣ አለች" ሲነሣ ተናጋሪዎቹ ካልተለዩ፣ ሁሉም በደራሲው አንደበት ነው የሚያወሩት። የፊደል ስሕተት በ10 ገጽ አንድ ሁለት ቢገኝ ይታለፋል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ አርታኢ አላየውም። ድግግሞሽም ያው ምልክት ነው፦ "ተናደደች። በጣም ተናዳ ነበር። ንዴቷ ፊቷ ላይ ይነበባል።" አንድ ነገር ሦስቴ ተባለ፤ አርታኢ ቢኖር ሁለቱን ይሰርዝ ነበር።

ልብ ወለድ ያልሆነ መጽሐፍ ሲሆን ማውጫውንና የደራሲውን የመጻሕፍት ዝርዝር ይመልከቱ። በአንድ ወር ስለ አመጋገብ፣ ስለ ውሻ ማሠልጠንና ስለ ግብር ያወጣ ስም ያጠራጥራል። ምዕራፎቹ እኩል ርዝመት ኖሯቸው፣ የሰው ስም፣ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ከጎደላቸው ገንዘብዎን ይያዙ።

አስተያየቶችን ከሦስት ኮከብ ይጀምሩ። መጽሐፉ በወጣ ሰሞን የሚጎርፈው አምስት ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ አስቀድሞ በነጻ ከደረሳቸው ወዳጆች የሚመጣ ነው፤ ውሸት ነው ባይባልም ሙቀቱ ይበዛል። ባለ ሦስት ኮከቡ ግን ምክንያቱን ይናገራል፤ "ዝግ ይላል" የሚለው ቅሬታ ለእርስዎ ምስጋና ሊሆን ይችላል። ተከታታይ ከሆነ ስንት ክፍል እንደቀረው ያጣሩ። የመጀመሪያው ክፍል ሆን ተብሎ በነጻ ወይም በርካሽ ይሰጣል፤ ታሪኩን መሐል ላይ ቆርጦ ቀጣዩን የሚያስገዛ አለና።

ጀምረው የተዉትን እያንዳንዱን መጽሐፍ ከምክንያቱ ጋር በአንድ መስመር መዝግቡ። አሥር ያህል ሲሞሉ መዝገቡን ያንብቡትና፣ የሚደጋገመውን ምክንያት ከሚፈልጓቸው ቃላት ላይ ይቀንሱ።