«ድራኩላ»ን ከሚና ታይፕ ጎን ቁጭ ብሎ ማንበብ

ብዙ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስጀምር ኮምፒውተር አልነበረም። ሦስት ወረቀት፣ በመሐሉ ሁለት ካርቦን፣ ከዚያ ታይፑን መቀጥቀጥ ነው። የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ስከፍት የጠበቅሁት አስፈሪ ታሪክ ነበር። ያገኘሁት ግን የሙያ አጋሬን ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ታይፕ የምትመታውን ሚናን።

መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሴቶቹን የደም መጣጩ የድራኩላ ሲሳይ ብቻ አድርጎ የሚያነባቸው ብዙ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ እኔ በማነብበት መንገድ ሞክሩት።

መጀመሪያ እርሳስ ያዙ። መጽሐፉ አንድ ተራኪ የለውም። የዕለት ማስታወሻ፣ ደብዳቤ፣ ቴሌግራም፣ የጋዜጣ ቁራጭ ነው። የጻፈችው ሴት ከሆነች ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ የት እንደሚበዛ፣ የት እንደሚጠፋ ታያላችሁ። በድራኩላ ግንብ ውስጥ ያሉት ሦስት ሴቶች ለምሳሌ አንዲት መስመር እንኳ አይጽፉም። የምናውቃቸው በኋላ የሚና ባል የሚሆነው ጆናታን ባየው ልክ ነው። እሱ ደግሞ ያን ሌሊት ፈርቶም ጎምጅቶም ነበር።

ቀጥሎ የሚናን ጓደኛ ሉሲን ተከተሉ። ሰው የሚያስታውሳት በአንድ ቀን ሦስት ወንዶች ለጋብቻ ስለጠየቋት ነው። እኔ ግን እጇን ተመልከቱ እላለሁ። መታመም ስትጀምር «እንደ ሚና መጻፍ አለብኝ» በሚል ሐሳብ ማስታወሻ ትይዛለች። እናቷ አጠገቧ በሞተችበት ሌሊት ብቻዋን ሆና የሆነውን ሁሉ ትጽፍና ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ትደብቃለች። በኋላ፣ እንቅልፍ ላይ ሳለች፣ ያንኑ ወረቀት አውጥታ ለሁለት ትቀደዋለች። ሊያክማት የመጣው ሐኪም ቫን ሄልሲንግ ቁራጮቹን ይወስድባታል። እጇ ግን አያቆምም። ባዶውን ይቀድዳል፤ ከዚያ ጣቶቿን ከፍታ ብጣሹን እንደምትበትን ትሆናለች።

እዚህ ጋ መጽሐፉን ዝጉና ትንሽ ቆዩ። ነቅታ የጻፈችውን ተኝታ ታጠፋዋለች። ከዚህ በኋላ ስለ ሉሲ የምንሰማው በሌላ ሰው ብዕር ብቻ ነው። ከሞተች በኋላ ወንዶቹ መቃብሯ ውስጥ የሚያደርጉባትን ስታነቡ ይህ ትዝ ይበላችሁ።

አሁን ወደ ሚና። ዊትቢ በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ፣ ሉሲ በእንቅልፍ ልቧ ተነስታ ገደሉ ላይ ካለው መቃብር ትሄዳለች። ሚና በሌሊት ፈልጋ ታገኛታለች። ሻል አልብሳ በመርፌ ቁልፍ ታያይዝላታለች። የራሷን ጫማ አውልቃ ለሉሲ ታደርግላታለች፤ የገዛ እግሯን ደግሞ ጭቃ ትቀባለች። መንገድ ላይ ሰው ቢያገኛቸው ባዶ እግሯን መሆኗ እንዳይታወቅ ነው። ሚናን የወደድኳት እዚህ ላይ ነው። ዝርዝር የማያመልጣት ሴት ናት።

ይህ ችሎታዋ ነው በኋላ ሁሉንም የሚያድነው። የባሏ ማስታወሻ በሾርትሃንድ፣ በምልክት በሚጻፍ ፈጣን ጽሕፈት፣ ነው፤ እሷ ትፈታዋለች። ሉሲን ያከማት የዶክተር ሴዋርድ ማስታወሻ ፎኖግራፍ ላይ የተቀዳ ድምፅ ነው፤ እየሰማች ትጽፈዋለች። በቀን ቅደም ተከተል፣ በሦስት ቅጂ። ከቫን ሄልሲንግ ጋር የተነሱት ወንዶች ምን እያደኑ እንደሆነ በቅጡ የገባቸው ያን ካነበቡ በኋላ ነው። ከዚያስ? «አንቺ ከዚህ በኋላ አትግቢበት፣ ይከብድሻል» ይሏታል።

እኔም ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ቆይቼ ዋናው ጉዳይ ሲነሳ «አንቺ ውጪ ጠብቂ» የተባልኩበት ቀን አለ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሴፕቴምበር 30 እስከ ኦክቶበር 3 ያለውን በዝግታ አንብቡ። የሚናን ማስታወሻ ከባሏ ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። እሷ ክፍሏ ስለገባው ጭጋግና ስለተጫናት ድካም ትጽፋለች። እሱ መገርጣቷን ያያል፤ ስብሰባው ረብሿት ይሆናል ብሎ ያልፈዋል። ማስረጃው ሁለቱ ማስታወሻዎች ላይ ተከፍሎ ተቀምጧል። ሁለቱን አንድ ላይ የምታነበው ሴት ደግሞ ከክፍሉ እንድትወጣ ተደርጋለች። ድራኩላ የሚያገኛት በዚህ ክፍተት ነው።

እዚያው ሌሊት ወረቀቶቹን ያቃጥላል፤ የድምፅ ቅጂዎቹንም እሳት ውስጥ ይጥላል። አንድ ቅጂ ግን ካዝና ውስጥ ተርፋለች። ካርቦን ያስገባ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መናገር ያቅተኛል። ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ በሂፕኖቲዝም አስተኝተው ድራኩላ የት እንዳለ እንዲጠይቋት የምታሳስበው ራሷ ሚና ናት። ድራኩላ በየትኛው ወንዝ እንደሚሸሽ ነጥብ በነጥብ አስባ የምትደርስበትም እሷ ናት። እነዚህን ሁለት ቦታዎች በደማቁ አስምሩባቸው።

መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ጆናታን ሰነዶቹን አውጥቶ ያያል። ከጥቂት ማስታወሻዎች በስተቀር ዋናው ጽሑፍ የለም፤ ያለው በታይፕ የተመታ ክምር ነው። እዚያ ስትደርሱ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ። የጆናታን ማስታወሻ ነው ይላል። በሚና ጣቶች አልፎ እንደመጣ እያወቃችሁ እንደገና ጀምሩት።