ጅማ ውስጥ መጽሐፍ ይዞ ጸጥ ያለ ቦታ ለሚፈልግ

ጅማ ውስጥ አረፍ ብሎ ለማንበብ ቦታ አይጠፋም። ዛፉ ሞልቷል፣ በረንዳው ሞልቷል፣ ቡናውንም መንገር አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የሰው ጫጫታ ጆሮ የሚያደነቁርበት ካፌ፣ 8 ሰዓት ላይ ብትመለሱ አስተናጋጇ ራሷ ጠረጴዛ ተደግፋ ታሸልባለች። ስለዚህ የት ልሂድ ከማለታችሁ በፊት መቼ ልሂድ በሉ።

ከምሳ በኋላ ካለው እንጀምር። ከተማው ውስጥ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ለእንግዳ ግን ልናገር፤ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ግድም ብዙ ሰው በርጫ ላይ ነው። የማይቅመውም ወይ ሥራ ቦታው ነው፣ ወይ ቤቱ ጋደም ብሏል። ካፌው ጭር ይላል። ስለ ጫት ያላችሁ አስተያየት የፈለገውን ይሁን፣ ለአንባቢ ከዚህ የተሻለ ሰዓት ያለ አይመስለኝም። አርብ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። የጁምዓ ሶላት ሲደርስ ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ይቀንሳል፣ መሥሪያ ቤቱም ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ምሳ ላይ ነው። መስጊድ አካባቢ ሰው ስለሚበዛ ከዚያ ፈንጠር ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሌላው ሰፈር የናንተ ነው።

ሐሙስን ተዉት። የሄርማታ ገበያ ቀን ነው፤ ከየገጠሩ እህሉን፣ ማሩን፣ ቅቤውን ይዞ የሚገባው ሰው ገበያውን ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ሁሉ ይሞላዋል። ሐሙስ የግድ ማንበብ ካማራችሁ ከዚያ ገበያ በደንብ ራቁ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓትም እንደዚያው ነው፣ ምክንያቱም ኳስ አለ። የአርሴናል ጨዋታ ባለበት ቀን ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ገብታችሁ መጽሐፍ ብትገልጡ የሚቸገረው ባለካፌው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ካፌ ስትገቡ መቀመጫ በደንብ ምረጡ። በር ላይ ያለው ወንበር ነፋሻ ነው፣ ያጓጓል፣ ግን አንድ ገጽ ሳትጨርሱ ሊስትሮ ይመጣል፣ ሎተሪ አዟሪ ይመጣል፣ ካልሲና ማስቲካ ይመጣል፣ ከዚያ የድሮ የክፍል ጓደኛችሁ በመንገድ ሲያልፍ ያያችሁና እሱም ይመጣል። የቡና ማሽኑ አጠገብም አይሆንም። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መስኮት ያለበት ጥግ ካገኛችሁ ያዙት። ሙዚቃው ከበዛ "የኔ እህት፣ እባክሽ ትንሽ ዝቅ አድርጊልን" ማለት ምንም አይደለም፣ ቤቱ ባዶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ደስ ብሏቸው ይቀንሱታል። በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን መቀመጥ ግን ነውር ነው። መሀል ላይ ሻይም ቢሆን እዘዙ፣ ቤቱ ሲሞላ ደግሞ ሳትጠየቁ ተነሱ፤ በሚቀጥለው ስትመጡ ያቺን ጥግ ራሳቸው ያስለቅቁላችኋል። የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ለወሬ እንጂ ለንባብ አይሆንም። በርጩማው ወገብ ይጨርሳል፣ ደግሞ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው ዝም ማለት ያስተዛዝባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ብቻውን ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ያየ ሁሉ የከፋው ይመስለዋል። "ምን ሆነህ ነው? ሰላም አይደለህም እንዴ?" ይላል። ልብ ወለድ እያነበብኩ ነው ብትሉ ወሬ መጀመሪያ ሰጣችሁት ማለት ነው። "ፈተና አለብኝ" በሉ። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነች፣ ፈተና ያለበትን ሰው ማንም አይነካውም፤ እንዲያውም "በርታ!" ብሎ ሂሳባችሁን ከፍሎ የሚሄድም አይጠፋም። (ፀጉራችሁ ከሸበተ ማስተርስ ላይ ነኝ በሉ።)

ሰፊ የአትክልት ቦታ ያላቸው ሆቴሎች ጥሩ ናቸው፣ በሥራ ቀን ጠዋት። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን በር ላይ ጥበቃውን "ዛሬ ሰርግ አለ?" ብላችሁ ሳትጠይቁ አትግቡ። ሰርግ ባይኖር እንኳ ፎቶ ሊነሱ የሚመጡ ሙሽሮች አሉ፣ ከነሚዜው፣ ከነካሜራው፣ ከነድምፅ ማጉያው።

የአዌቱ ወንዝ ዳርም አለላችሁ። ከተማውን መሀል ለመሀል ስለሚያልፍ ለብዙ ሰፈር ቅርብ ነው። ሂዱ ግን በማለዳ፣ 1 ሰዓት ሳይሆን ብትደርሱ የሚያጋጥማችሁ የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ለጥንዶችና ለሴልፊ ልቀቁላቸው።

የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ያለው ሰው ታድሏል። ከጅማ ግቢዎች ለእኔ የሚሻለው የግብርናው ነው። ኮሌጁ የተቋቋመው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋህዶ ከመመሥረቱ ብዙ ዓመት በፊት፤ ዕድሜው ደግሞ ጥላው ላይ ይታወቃል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መግባት የምትፈልጉ የፈተና ሰሞን አትሞክሩት። ወንበር በደብተር ተይዞ ባለቤቱ ካፌ ነው። መታወቂያ የሌላችሁ በር ላይ ከጥበቃ ጋር አትከራከሩ፣ ጊዜ ማባከን ነው።

ወጣ ማለት ከፈለጋችሁ ቦዬ አለ። ውሃ፣ ረግረግ፣ ወፍ፣ ሰፊ ሰማይ። ጉማሬም አለ፣ ቀልድ አይደለም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ስለዚህ ከውሃው ዳር ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ መጽሐፉን እጠፉና ተመለሱ። ምዕራፉ ልብ ሰቃይ ቢሆንም። ሲመሻሽ ትንኙም ይመጣል።

የሁሉም የበላይ ግን ጅሬን ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ። እሳቸው ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ ናቸው፤ ቤቱ የእንጨት ነው፣ በረንዳው ሰፊ ነው፣ ከዚያ ላይ ከተማው ከታች ይታያል ነገር ግን ድምፁ አይደርስም። ትኬት ቆርጣችሁ ግቡ፣ መጀመሪያ ጉብኝቱን ጨርሱ፣ ከዚያ አስጎብኚውን "ውጪ ጥላ ሥር ትንሽ ልቀመጥ" ብላችሁ አስፈቅዱ። ቅርስ ላይ ተደግፎ ማንበብ አይቻልም፣ ደግሞም አይገባም። አጠገቡ መስጊድ አለ፣ በሶላት ሰዓት ስልካችሁ አይጩህ። ቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች በአውቶቡስ ስለሚመጡ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል።

የምትይዙት ብዙ አይደለም። የጅማ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፣ በልግም ላይ ይመጣል፣ ስለዚህ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሉት። ጋቢ ወይም ወፍራም ነጠላ ያዙ፣ ለመቀመጫም ለብርድም ይሆናል። ስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ ኢንተርኔቱን አጥፉት፣ አለዚያ ቴሌግራም ላይ ነው የምትውሉት። ዝናቡ ከቤት ካላስወጣችሁ በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ቆርቆሮው ሲጮህ የጎረቤት ቴሌቪዥን አይሰማም፣ እንግዳም አይመጣም።

ጅሬን ስትወጡ ባጃጁን በኮንትራት ያዙ፣ የመመለሻውንም ዋጋ እዚያው ተነጋገሩ። ኮረብታው ላይ ቆማችሁ ባጃጅ ብትጠብቁ ቶሎ ላይመጣ ይችላል። የሾፌሩን ስልክ ተቀበሉና "6 ሰዓት ላይ ና" በሉት። ሒሳቡን ግማሹን ብቻ ስጡት፣ ቀሪውን ሲመልሳችሁ።