ጠንካራ ጥንድ ይዞ መጣል፦ በኦንላይን ፖከር የሚያስበሉ ስህተቶች

ሁለት ኤስ ወይም ሁለት ኪንግ ይዞ ካርታ መጣል ያማል። በኖ ሊሚት ሆልደም (እያንዳንዱ ሰው በእጁ ሁለት ካርታ ይዞ፣ ጠረጴዛ ላይ ከሚወጡ አምስት የጋራ ካርታዎች ጋር የሚጫወትበት ፖከር) ሁለት ኤስ የሚደርሳችሁ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው። ያን ያህል የተጠበቀን እጅ፣ አንድ ሰው ሬይዝ አደረገ (መደቡን ከፍ አደረገ) ተብሎ መልቀቅ ለማንም አይዋጥለትም። ግን ኦንላይን ብዙ ሰው የሚበላው በመጥፎ ካርታ አይደለም። መጥፎ ካርታማ በጊዜ ይጣላል። ኪስ የሚያራግፈው አጀማመሩ ያማረውና መንገድ ላይ ዋጋው የወረደው ጥንድ ነው።

ትልቁ ስህተት ፍሎፕ (የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጠረጴዛ ካርታዎች) ሳይወጣ የነበረውን ጥንካሬ እስከ ሪቨር (አምስተኛውና የመጨረሻው ካርታ) ይዞ መሄድ ነው። ሁለት ኤስ ገና ከመነሻው ካልታወቀ አንድ እጅ ጋር ቢገጥም 85 በመቶ ያህል ያሸንፋል። አምስቱም ካርታ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ካልተሻሻለ ያው አንድ ጥንድ ነው።

አንድ እጅ በቅርብ እንየው። ብላይንዱ (ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች የግድ የሚያስገቡት ገንዘብ) 50 ሳንቲምና 1 ዶላር ነው። ሁለታችሁም ፊት 100 ዶላር አለ። ሁለት ኪንግ ይዛችሁ በ3 ዶላር ከፈታችሁ (የመጀመሪያውን ሬይዝ አደረጋችሁ)፤ ቢግ ብላይንዱ (1 ዶላሩን ያስገባው ተጫዋች) ብቻ ተከተለ። ፍሎፑ ጃክ ስፔድ፣ 8 ስፔድ፣ 4 ዳይመንድ። 4 ዶላር አስገባችሁ፣ ኮል አለ (ያንኑ ያህል አስገባ)። ተርኑ (አራተኛው ካርታ) 7 ክለብ። 10 አስገባችሁ፣ አሁንም ኮል። ሪቨሩ 2 ሃርት። 20 አስገባችሁ። በዚህ ጊዜ ያ ዝም ብሎ ሲከተል የነበረው ሰው የቀረውን 83 ዶላር በሙሉ ገፋው።

ምን ይዞ ሊሆን ይችላል? 10 እና 9 ከሆነ ተርኑ ላይ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) ሠርቷል። ጥንድ 8፣ ጥንድ 7 ወይም ጥንድ 4 ከሆነ ሦስት ተመሳሳይ ይዟል። ጃክና 8 ከሆነ ሁለት ጥንድ አለው። እነዚህ ሁሉ ኪንጎቻችሁን ይበላሉ። እናንተ የምታሸንፉት በዋናነት ፍላሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች) ለመሥራት ስፔድ ሲጠብቅ ቆይቶ የከሸፈበትን እጅ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተት ይመጣል፤ ዋጋውን ሳያሰሉ መወሰን። ኮል ለማለት 63 ዶላር ያስፈልጋል፤ ፖቱ (መሃል የተከማቸው ገንዘብ) ውስጥ ደግሞ 137.50 አለ። ስለዚህ ከመቶ 31 ጊዜ ያህል ካሸነፋችሁ ኪሳራ የለም። ሌላውንም በቃል መያዝ ይቻላል፦ የፖቱን ግማሽ ሲያስገባባችሁ 25 በመቶ፣ ሙሉ ፖት ሲሆን 33 በመቶ፣ የፖቱን እጥፍ ሲሆን 40 በመቶ ማሸነፍ ይጠበቅባችኋል። እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይሄ ሰው ከሦስት አንዴ በባዶ እጅ ይገፋል ወይ?

መልሱ የሚገኘው ከሰውየው ነው። ሦስተኛው ስህተት ሁሉንም ተጫዋች በአንድ ዓይን ማየት ነው። በትንንሽ መደብ ጠረጴዛዎች ላይ አብዛኛው ሰው ኮል ማለት ይወዳል እንጂ በብላፍ (በደካማ እጅ በማስፈራራት) ኦል ኢን መግባት፣ ማለትም ያለውን ሁሉ ማስገባት፣ አይደፍርም። እንዲህ ያለው ተጫዋች ፍሎፕና ተርን ላይ ተከትሎ ሪቨር ላይ ድንገት ሬይዝ ካደረገ፣ በእኔ እምነት ያለብዙ ማቅማማት መጣል ነው። ከላይ ባለው እጅ ኪንጎቹን እጥላለሁ። ገፊው በየእጁ ሲያጠቃ ያያችሁት ሰው ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ 31 በመቶውን በቀላሉ ሊያሟላ ይችላል።

የከሸፉ እጆችን መቁጠር የሚረሳ ብዙ ነው። በ2003 የወርልድ ሲሪስ ኦፍ ፖከር ዋና ውድድር ክሪስ መኒሜከርና ሳሚ ፋርሃ ሁለት ብቻ ቀርተው ሲፋለሙ የሆነውን አስታውሱ። ጠረጴዛው ላይ 9፣ 2፣ 6፣ 8 እና 3 ነበር፤ ከነዚህ ሦስቱ ስፔድ። ፋርሃ በ9 ጥንድ ሠርቷል። በ86 ዶላር የኦንላይን ማጣሪያ ገብቶ እዚያ የደረሰው መኒሜከር ኪንግ ስፔድና 7 ይዞ ስትሬቱም ፍላሹም ከሽፎበት ነበር። ኦል ኢን ገባ። ፋርሃ ጣለ፤ የጣለው ግን የሚያሸንፈውን እጅ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ «አትጣል» የሚል ትምህርት ወስዷል። ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት ግን ሁለቱም በብዙ ዓይነት ካርታ ይገባሉ፤ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ እንደዚያ አይደለም። ከዚያ እጅ መወሰድ ያለበት ጠረጴዛው ላይ ምን ሊከሽፍ ይችል እንደነበር ማየት ነው። ስፔዱ ከከሸፈና ከኪንጎቻችሁ አንዱ ራሱ ስፔድ ከሆነ፣ ተጋጣሚያችሁ ሊይዛቸው የሚችላቸው የከሸፉ እጆች ይቀንሳሉ። ያኔ መጣሉ ይበልጥ ያዋጣል።

የገንዘቡን ጥልቀት መርሳትም አለ። ከላይ ባለው እጅ ፍሎፑ ሲወጣ ፖቱ 6.50፣ ከፊታችሁ ያለው ደግሞ 97 ዶላር ነበር። 15 እጥፍ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጥንድ ሁሉንም ገንዘብ ማስገባት ከባድ ነው። በተቃራኒው በውድድር ላይ 20 ብላይንድ (የቢግ ብላይንዱ 20 እጥፍ) ብቻ ቀርቷችሁ፣ ከጠረጴዛው ካርታ ሁሉ የሚበልጥ ጥንድ ይዛችሁ ፍሎፕ ላይ ብትጥሉ የባሰ ስህተት ነው።

አብዝቶ መፍራትም ያስበላል። ሁለት ኪንግ ይዞ ገና ፍሎፕ ሳይወጣ «ኤስ ይዞ ይሆናል» ብሎ መጣል የተለመደ ነው። ስድስት ሰው ባለበት ጠረጴዛ ከአምስቱ አንዱ ሁለት ኤስ የሚይዘው ከ40 አንዴ ገደማ ነው። ኦል ኢን የገባው ሰው ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኩዊን ወይም ኤስና ኪንግ ብቻ ነው የሚይዘው ብንል እንኳ ኪንጎቹ 58 በመቶ ያህል ያሸንፋሉ። በ100 ብላይንድ አይጣሉም። ሁለት ኩዊን ግን ይለያል። በጣም ቁጥብ የሆነ ሰው በሁለት ኤስ፣ በሁለት ኪንግና በኤስ ኪንግ ብቻ ይገፋል እንበል፤ ኩዊኖቹ 40 በመቶ ላይ ይቆማሉ። በ3 ዶላር ከፍታችሁ እሱ 100 ዶላር ከገፋ 48 በመቶ ስለሚያስፈልጋችሁ መጣል ትክክል ነው።

ፍሎፕ ላይ ኤስ ሲወጣ ኪንጎቹን ወዲያው መወርወርም እንደዚያው ነው። ኪንግ ይዛችሁ ፍሎፑ ላይ ቢያንስ አንድ ኤስ የሚመጣው 23 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ልመዱት። አነስ ያለ መደብ ከሆነ አንዴ ኮል በሉ። ተርንና ሪቨር ላይም በትልቁ ከቀጠለ ልቀቁት።

የቀረው እልህ ነው። «ምን እንደያዘ ለማየት ብቻ» ተብሎ 63 ዶላር ይከፈላል። በተለይ ከሁለት እጅ በፊት የተበላ ሰው፣ ወይም መበላት የሌለበትን የኪራይ ገንዘብ ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ ይህን ውሳኔ በትክክል መወሰን አይችልም፤ ከጠረጴዛው ይነሳ። ማየቱን ከፈለጋችሁ በነፃ የሚገኝበት መንገድ አለ። ያ ሰው ሪቨር ላይ ሬይዝ አድርጎ ሌላ ተጫዋች ኮል ሲለው ካርታው ይገለጣል። ያኔ የያዘውን ስሙ ጎን ባለው የማስታወሻ ቦታ ላይ ጻፉት።