ለካሜራና ለራውተር ማሞቂያ ስትሠሩ የማይደረጉ ነገሮች

ውጪ የተሰቀለ ካሜራ ወይም ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ራውተር ብርድ ሲበረታበት ማስቸገር ይጀምራል። 12 ቮልት አዳፕተር፣ አንድ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሞቅ ዕቃ) እና አንድ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ካላችሁ መፍትሔው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጀማሪዎች ሲሞክሩት ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዋቱን ሳያሰሉ ሬዚስተር መግዛት። ቮልቱን በራሱ አባዙና ለኦሙ፣ ማለትም ሬዚስተሩ ላይ ለተጻፈው የመቋቋም መጠን፣ አካፍሉት። በ12 ቮልት የሚሠራ 22 ኦም ሬዚስተር 6.5 ዋት ገደማ ይሰጣል፤ ለትንሽ ሳጥን ይበቃል። ታዲያ 7 ዋት የተጻፈበትን ገዝቶ "ልክ ነው" የሚል አለ። ልክ አይደለም! የተጻፈበትን ዋት ሙሉውን የተሸከመ ሬዚስተር ላዩ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ቢያንስ እጥፉን ግዙ። የአሉሚኒየም ልባስ ያለውን መርጣችሁ ሰፋ ያለ ብረት ላይ በብሎን እሰሩት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ ቴርሞስታቱን አምኖ መተኛት። ቴርሞስታት ሙቀት ይቆጣጠራል እንጂ ከእሳት አይጠብቅም። ውስጡ ያለው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ሲበላሽ መገናኛው ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በሪሌ ፈንታ ትራንዚስተር ያለውም፣ ትራንዚስተሩ ሲቃጠል ብዙ ጊዜ እንደተገናኘ ይቀራል። ያኔ ማሞቂያው ቀን ከሌት ይነዳል። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። በሬዚስተሩ ዙሪያ የነበረው ፎም ቀልጦ ጉድጓድ ሠርቷል። ሪሌውን በመፍቻ እጀታ መታ ሳደርገው "ጠቅ" ብሎ ተላቀቀ። ሌሊቱን ሙሉ ተጣብቆ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ ሙቀት ፊውዝ፣ ማለትም ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን ከሚቆርጥ ፊውዝ ውጪ፣ አልሠራም። 72 ዲግሪ ላይ የሚቆርጥ በቂ ነው። ከሬዚስተሩ ጋር በተከታታይ አስገቡት፣ ከብረቱ ጋር አጣብቁት። ስትበይዱት እግሩን በፒንሳ ያዙ፤ አለበለዚያ የብየዳው ሙቀት ገና ሳይጀምር ይቆርጠዋል። ከዚያ የቴርሞስታቱን ሁለት ጫፎች በሽቦ አገናኝታችሁ፣ ማሞቂያው እንዳይቋረጥ አድርጋችሁ፣ ለሙከራ ጥቂት ሰዓት አጠገቡ ተቀምጣችሁ አብሩት። ብረቱ 50 ዲግሪ ካለፈ ዋቱን ቀንሱ።

ሌሎቹ አጫጭር ናቸው። ሲሞቅ የሚያገናኝ ቴርሞስታት አለ፤ የማራገቢያ ነው፣ እናንተ የምትፈልጉት ሲሞቅ የሚያቋርጠውን ነው። ቴርሞስታቱ ከዕቃው አጠገብ እንጂ ከሬዚስተሩ ላይ አይቀመጥም። አዳፕተሩ መውጫ ላይ 1 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። ማሞቂያውን በቀጥታ ከ220 ቮልት ጋር አታገናኙ፣ በፍጹም። ሳጥኑን ድፍን አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ከሥር ትንሽ ቀዳዳ ከሌለው ጤዛው ውስጡ ይጠራቀማል።

ዕቃው ሊቲየም ባትሪ ካለው ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉት። ብርዱ ውስጥ ሊቲየሙ እንደ ብረት ውስጡ ይለጠፋል፣ ጉዳቱም አይመለስም። መጀመሪያ አሙቁት፣ ከዚያ ቻርጀሩን ሰኩ።